የውሰት ብረት

ሀረጎን ስወርድ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፣
አንድ ድምፅ ጀመረ ከእግሬ ማረፊያ።
ወደ ግራ ስዞር ያጉረመርማል፣
ወደ ቀኝ ስመልስ ዝም ይላል።
ኮምቦልቻ ቆሜ ጎማውን ነቀነቅሁ፤
ቀኝ ፊት። ኩሽኔታ። ሳይነግሩኝ አወቅሁ።

የእጅ ዋጋ ብሎ ጋራዡ የጠራው
የልጄን ደብተር፣ የወሩን ጤፍ የሚበላው፤
ኩሽኔታውን ብቻ በጋዜጣ ጠቅልዬ
ደሴ ተመለስኩ፣ እኔው እፈታዋለሁ ብዬ።

እንዴት ያለ ድፍረት!
ክሪክ አለኝ፣ የጎማ መፍቻ አለኝ፣
መዶሻም አለኝ፣ እጀታው የሚከዳኝ፤
የቀለበት ፒንሳ የለኝ፣
ሠላሳ ቁጥር ቡሶላ የለኝ፣
ስትራቶሪ የለኝ።

ሮቢት ወረድኩ፣ አበጋዝ ይመር ጋ፣
ብየዳ ቤቱን ሲዘጋ።
«ሁሉም አለ፤ ስትራቶሪው ግን የኔ አይደለም፤
ከእንድሪስ ነው፣ ያምና አረፋ የወሰድኩት፣ እስካሁን አልጠየቀኝም።
እሱን አስፈቅድ።»
እንድሪስን ከወፍጮው አገኘሁት፣ ዱቄት ለብሶ ጢሙ፤
«የኔ?» ብሎ ሳቀ፤ «የአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጠፋኝ እንጂ ስሙ።
አሰብ ይመላለስ ነበር። አደራ አለኝ፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤
ብረቱ ይኸው ይዞራል፣ ሲለው እዚህ፣ ሲለው እዚያ፣ ከቸገረው ሰው ጋ።
ብቻ እሁድ ማታ ይመለስ፤ ሰኞ በማለዳ
ከኩታበር የሚወስደው አለ፣ ሚኒባሱን ያቆመ ባለዕዳ።»

ማታ ረውዳ ሱቅ ገባሁ፤ አዲሱን ኩሽኔታ
«ከለስላሳው መሃል አሳድሪልኝ» አልኳት፣ በይሉኝታ።
«ብረት?»
«ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ መግባት ይቀለዋል» አልኳት።
ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነችው፤ ምን ታድርግ፣ ገረማት።
«ለደሴ ሰው ደግሞ ፍሪጅ ምን ያደርግለታል?
ጣሪያህ ላይ አስቀምጠው፣ ከጦሳ የሚወርደው ይበቃዋል!»
ግን ተቀበለችኝ። ደብተሯ ላይ፣ ከዱቤ ስኳር ተርታ፣
ጻፈች፦ «የመምህሩ፤ አንድ ኩሽኔታ።»

እሁድ። ክሪኩ መሬት ውስጥ ሰመጠ፤ ጣውላ አነጠፍን።
ልጄ ሉባባ ስልክ አበራች፣ ቡሎን በወጥ ሳህን ለቀምን፤
አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባት፣
ከዚያ ሠላሳው፣ ዝገት የከረመበት።
ናፍታ አጠጣነው፤ ቧንቧ ቀጠልንበት፤
ቆምኩበት። ዘለልኩበት።
ጮኸ።
ተፈታ።
የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ፣ ላንድ አፍታ።

ሦስት ጥፍሩን አስነክሼ መሃሉን ሳጠብቅ፣
ከብረቱ ጎን ፊደል አየሁ፣ በነጥብ የተመታ፦ «ገ»፤ የቀረው በዝገት ያለቀ፣ የማይታወቅ።
የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፤ ይሆናል፤
የሰው ብረት ግን ያላቅቃል።

ወጣ። ሉባባ በጣቷ አዞረችው፤ አሸዋ ያኝካል።
«መንገድ ሙሉ ያጉረመረመው ይሄ ነው?»
«ይሄ ነው።»
«ያሳዝናል» አለች። ምን እንደሚመለስ ጠፋኝ።
ፕሬሳ የለንም፤ አበጋዝ ግን እንዲህ ብሎኝ ነበር ሲሸኘኝ፦
«አሮጌውን አትጣል፤ በአዲሱ ላይ አስቀምጠህ ምታ፤
እሱ ይቅመስ ዱላውን፣ አዲሱ ይግባ በዝምታ።»
ከረውዳ ሮጣ አመጣችው፣ ላብ እንዳወጣ፣ በፌስታል፤
ዙሪያውን እኩል መታሁ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ልክ እንደ ተባልኩት። ቤቱ ገባ፤ እነሆ ተቀምጧል።

ሁሉን መልሰን ስናበቃ አንዲት ሮንዴላ ተረፈች ከሳህኑ፤
ከየት እንደሆነች እስካሁን አላውቅም፣ በእውነቱ።

ብረቱን በናፍታ አጥቤ ሳልወጣ፣ በሩ ተንኳኳ፤
የኩታበሩ ሰው ነው፤ እስከ ሰኞ መታገስ አልቻለም ለካ።
ግራሶ ባልለቀቀው እጄ ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ ተቀበለ።
«እግዜር ይስጥልኝ፤ የማን ነው ልበል?» አለ።
«እንጃ፣» አልኩት፤ «የኔ አይደለም።»

ሰኞ፣ ሀረጎ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፤ ከሥሬ ምንም አይሰማም፤
ያቺ ሮንዴላ ብቻ፣ ከመስታወቱ ሥር፣
ወደ ግራ ስዞር ወደ ቀኝ፣
ወደ ቀኝ ስዞር ወደ ግራ
ትንከባለላለች።