አንዲት «ተ»

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከዳገቱ በታች፣
ኤርሜሊንዳ ኪዮስኳን ጎህ ሲቀድ ከፈተች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ዘርግታ
ሰው ትለያለች በአንድ አፍታ፤
ይሄኛው «ማለዳ»፣ ያኛው ደግሞ «መልሕቅ»፣
ጫማውን አይታ ትሰጣለች፣ ገዢው ሳይጠይቅ።

ዛሬ ሁለቱም ላይ አንድ ወሬ አለ፤
ትናንት ወደብ በር ላይ ጠብ ተቀጣጠለ።
«ማለዳ» በጉልሁ፦ አድመኞች መስታወት ሰበሩ፤
ከሥር፣ በደቃቁ፣ ከሳሙናው ማስታወቂያ ድንበሩ፦
አንድ ሰው ተጎዳ።
ጎጂ የለም፤ ጉዳት ብቻውን መጣ፣ እንደ እንግዳ።

«መልሕቅ» በጉልሁ፦ ፖሊስ ወዛደሩን በቆመጥ ፈነከተ፤
ከሥር፣ በደቃቁ፦ መስታወት ተሰበረ።
ሰባሪው ከቃሉ ሆድ ገብቶ ተከተተ።
አንዱ «አድመኛ» ያለው፣ አንዱ «ወዛደር»፣
ያው ሰው ነው፤ ያው ቆብ፣ ያው የምሳ ሣጥን፣ ከያው ሰፈር።

በእኛ ቋንቋ ቢሆን አንዲት «ተ» ትበቃለች፤
እጅ ታስታጥባለች፣ ሰው ትሸፍናለች።
«ሰበረ» ያልን እንደሁ ከድንጋዩ ኋላ እጅ ይታያል፤
«ተሰበረ» ካልን እጁ ኪስ ይገባል፤
መስታወቱ ብቻ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ መንገድ ላይ ይዘራል።

ኤርሜሊንዳ ይህን ሰዋስው አታውቅም።
የምታውቀው ዋልዶን ነው፣ የእኅቷን ልጅ፤
ግንባሩ ላይ ሰባት ስፌት፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው ራስጌ ስትቆም።
«ማለዳ»ን አነሣች፤ «ቀጣፊ!» አለችው፤
ከከረሜላው ሣጥን ሥር ወሸቀችው።

ደብተር ያቀፈች ልጅ መጣች።
«‹ማለዳ› የለም ዛሬ?»
ጎትታ አወጣችላት፣ ተጨማድዶ።
«ለምን ደበቅሽው?»
«እኔ? ኧረ እኔ አልደበቅኩትም፤
ተደብቆ ነው።»

ተደብቆ ነው።
ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ባንኮኒው ላይ ተቀመጠ፤
እንደ ድመት ዞሮ ፊቷ ላይ አፈጠጠ።

ልጅቱ ስትሄድ ሁለቱን ዘረጋች።
ፎቶው ከአንድ አንሺ ነው፤ ስሙን አነበበች።
መቀሱ ነው ሁለት፤
እዚህ ቀኙ የለም፣ እዚያ ግራው ጎድሏል።
ዳር ለዳር ገጠመች፣ እንደ ተቀደደ ብር፤
መንገዱ ቀጠለ፣ ከበር እስከ በር።
ከወዲያ ቆመጥ ነው፣ ከወዲህ ድንጋይ፤
መሐሉ ላይ፣ መቀሶቹ የተላለፉበት ላይ፣
ግማሽ ሰው እዚህ፣ ግማሽ መጥረጊያ እዚያ፤
ፊዴንሲዮ ፀጉር አስተካካዩ
ስባሪ ሲጠርግ፣ ከሱቁ ደፍ ወዲያ።
ስሙን የጠራ ጋዜጣ የለም።

ድንጋይ ያነሣውን ክንድ ደግማ አየችው፦
ግራጫ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ አረንጓዴ ጥፍ።
እሷ ናት የጣፈችው።

የገመዱ ባቡር ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ።
እንባዋ አልደረቀም፤ ንዴቷ ግን ማረፊያ አጣ።
ቆመጡ ነው የቀደመ? ወይስ ድንጋዩ?
ምሳ ሰዓት ላይ ሄደች ወደ ፀጉር አስተካካዩ።
«ጀርባዬን ሰጥቼ ጢም እየላጨሁ ነበር» አላት።
«ድምፅ ነው የሰማሁት።»
ያላየውን አልጨመረላት።

ማታ ገመድ ወጠረች፤ በልብስ መቆንጠጫ
ሁለቱን ሰቀለች፣ እኩል ቁመት፣ ያለ መበላለጫ።

በማግስቱ ጧት ቀና ብላ ስታይ
«መልሕቅ» አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል።
ከፍ ብሏል — ልትል ነበር።
«ከፍ አድርጌዋለሁ» አለች፣ ለብቻዋ፣
እና አወረደችው።