የሞተ ሽቦ

የመጀመሪያው ሌት ሁለት ዶሮ ሄደ፣
በማግስቱ ደግሞ አውራው ታረደ፤
ላባው ከጓሮዬ እስከ ቦዬ ረግረግ
ተነስንሶ አየሁት፣ እንዳለቀ ሠርግ።

አንዱ ውሻ አለኝ፣ አንዱ መርዝ መከረ፣
አንዱ እሾህ አምጥቶ በሩ ላይ ከመረ።
እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕድሜዬን
ለመብራት ኃይል ነው የሸጥኩት ጉልበቴን፤
ሌላ ምን አውቃለሁ? ሽቦ ነው ቋንቋዬ፤
ሽቦ ወጠርኩለት ለዶሮ ጓሮዬ።

አራት ረድፍ ነው፣ ታችኛው ከመሬት
አንድ ስንዝር ብቻ፣ በአፍንጫዋ ልኬት።
የባጃጅ ባትሪ፣ ከጎማ ቁራጭ ጋር፣
ከሂርማታ ገበያ ያመጣሁት ሶላር፣
አንዲት ትንሽ ሳጥን። መሽቶ እስኪነጋ
ትክ... ትክ... ትላለች፣ ዶሮዎቹ አልጋ።
አትገድልም፤ ይህንን ልብ በሉ አደራ፤
አንዴ ነው ምትነዝር፣
ከዚያ ወዲያ ያለው የፍርሃት ሥራ።

በሦስተኛው መጣች። በመስኮት አየኋት፤
ከሳ ያለች፣ ዝናብ ጭራዋን ያራሳት።
አሸተተች ሽቦን፣ ሽቦም አሸተታት።
ጮኸች እንደ ሕፃን፤ በቁልቁለቱ ላይ
ቦዬ ድረስ ሮጠች ወደ ኋላ ሳታይ።
እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ።
ጎረቤቴ ዙልፋ በጩኸቱ ወጥታ
ከአጥሯ ማዶ አየችኝ። ያኔ ሳቄን ዋጥሁ።

ከዙልፋ አባ ፎጊ ጋር አንነጋገርም።
ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ጠብ አልነበረንም፤
የሦስት ወር ሂሳብ፣ የቢሮ ወረቀት፣
እኔ ከነፒንሳዬ ከመሰላሉ አናት፤
ልጇ ለማትሪክ በሚያጠናበት ሳምንት
ቆረጥኩት።
ትእዛዝ ነው አልኳት፤ ደግሞም ትእዛዝ ነበረ።
ከፈለች፣ ተቀጠለ፤ ስም ብቻ ነው የቀረ፦
ቆራጩ።
የማያውቀኝ ሲሰማው ጀግና ያደርገኛል፤
የሚያውቀኝ ሲጠራኝ ፒንሳው ይታየኛል።

ነሐሴ ሆነና፣ ዝናቡ ሲጨምር፣
ሳሩ ሽቦን ይዞ ጉልበቷን ወደ ምድር
ጠጥቶ ጨረሰው። ፀሐይም የለችም።
እኔን ወባ ጥሎኝ ከአልጋ አልወረድኩም።
በአራተኛው ንጋት ዝምታ ቀሰቀሰኝ።
ትክታዋ የለችም። ሌላ ብርድ ወረረኝ።
ላባ ልለቃቅም ከረጢት አንግቤ
ወጣሁ፤ አለቁ ብያለሁ በልቤ።

አሥራ አንዱም አሉ። ጭቃ ይጭራሉ።
ከሽቦው በወዲያ ዱካዎች ይዞራሉ፣
አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ደግመው ይመጣሉ፣
ከስንዝር አይቀርቡም። እዚያው ይቆማሉ።
በቆሎ ነበረ ጭቃው ላይ የፈሰሰ፣
እኔ ያልበተንኩት፣ ከማዶ የደረሰ።

ፈራ ተባ እያልኩ ሽቦውን ጨበጥሁ።
ምንም። የልብስ ማስጫ።
ብቻዬን ልስቅ ስል መሀል ላይ ተውሁ፤
ቀና ብዬ ሳይ ዙልፋ ጎመን ትቀነጥሳለች፣
ከእኔ አጥር አንድ ስንዝር ራቅ ብላ ቆማለች።

ሰባት እንቁላል በባርኔጣ ይዤ
ሄድኩ፣ ከነወባዬ፣ ከነብርድ ልብሴ፣ ፈዝዤ።
«ይነዝራል?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ያጠራቀመችው ይኼው ነው በቃሉ።
«አይነዝርም» አልኳት።
«ከመቼ ጀምሮ?»
ከሰኞ ልል ነበር። «ቆይቷል» አልኳት።
እንቁላሉን ቆጠረች። «ሂሳቡ ስንት ነው?»
«ኧረ ተይ...»
«ዕዳ አልወድም። አንተ ታውቀው የለ? እንካ፣ ቁጠረው።»
ቆጠርኩ፣ ምን ላድርግ? በቆሎውን አላነሳሁባት፤
እሷም አላነሳች።

በማግስቱ ሳሩን አጨድኩ። ባትሪዋን
ጋራዥ ወስጄ ሞላሁ። ቀበሮ ዘመኗን
በትዝታ አትኖርም፣ ሲርባት ትሞክራለች።
ትክ።
በዙልፋ በኩል ግን ሽቦውን ቆርጬ
(ይህችን ቆራጩ አለ) የጎማ እጀታ ሰጥቼ
መንጠቆ አበጀሁ፣ ሰው በእጁ የሚከፍተው።
ትክ። ትክ።
እስካሁን አልከፈተችውም።
ትናንት ግን ሳያት፣ እጀታውን ከዝናብ
በላስቲክ ሸፍናዋለች።