ሁለት ሊትር እስከ ደዶ

ሐምሌ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ። ጅማ አልነቃችም፤ ዝናቡ ነቅቷል።
ማደያው ደጃፍ ሰልፉ ተጠማዞ፣ በየሰው ፋንታ ድንጋይ ተቀምጧል፤
ጠፍጣፋው እኔ ነኝ። ክቡ ባለባጃጁ። የጎማ ቁራጩ የሙሽራ መኪና፣
የትናንት ሪባኗ ሳይፈታላት ገና።
ታዛ ስር ቆመን ድንጋዮቻችንን እንጠብቃለን፣
አንዱ ፈቀቅ ባለ ቁጥር እንጣላለን።

ሦስት ድንጋይ ሲቀረኝ ቀጂው ጎማውን ሰቀለ፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "አለቀ" አለ።

እንግዲህ ነዚፍ አለ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
በሃይላንድ የሚሸጥ፤ ግማሹ ቤንዚን፣ ግማሹ ላምባ።
"ስንት ገባ?" አልኩት። የማታውን ዋጋ ነገረኝ፤
እጄን ኪሴ እስክከት የጠዋቱን ቀየረብኝ።
ሁለት ሊትር፦ አንዱ ለዳገት፣ ግማሹ ለጭቃ፣
የቀረው ለመመለሻ፣ ከተመለስኩ በቃ።

ራውዳ በደብተር ትይዛለች፤ በግራ ዱቄት፣ በቀኝ ሞተር።
ዘንድሮ ቀኙ ገጽ ሞልቶ ወደ ግራው ተሻገረ፣ ዱቄቱን ሊያባርር።
"በቅሎዋን ባትሸጣት" አላለችኝም፣ አንድም ቀን፤
እርሳሷን ብቻ ትቀርጻለች፣ ረጅም ሰዓት፣ ሁለታችንም ዝም ብለን።

ታዲያ ምን ልግዛ? ባጃጅ? ሦስት እግር አላት፤ ጭቃው ለሦስቱም ይበቃል።
ከማል በመብራት የምትሄድ ገዛ፤ ደዶ ላይ ሰማይ ሲያስነጥስ መብራት ይጠፋል፤
እሱም በረንዳው ላይ እንደ ወንበር ይቀመጥባታል፣ በቆሎ እየፈለፈለ።
አይሱዙው ማክሰኞና ቅዳሜ ይወጣል፤
በሽታ ግን ሐሙስም አለ።

የኔዋን ሞተር "አባትሽ ማነው?" ብላት "ጃፓን አጎቴ ነው" ትላለች፣
ቻይና መወለዷ ሆዷ ስር ተጽፎ ሳለ። በብርድ ስቀሰቅሳት ታስላለች፤
እኔም አብሬያት እስላለሁ።

አስፋልቱ አለቀ። ካልሲዬ ላይ ፌስታል፣ ደረቴ ላይ ያምና ጋዜጣ፣
ከኋላዬ የክትባት ሳጥን፤ በረዶ ጠቅጥቄበት ነው ከጅማ ስወጣ።
ሞኝ ነኝ፤ ክዳኑን ብከፍተው ደዶ ራሱ ያቀዘቅዘው ነበር፤
ጣቶቼ ፍሬኑን ይዘው ቀርተዋል፣ የማን እንደሆኑ እስክጠራጠር።

ሁለተኛው ዳገት ላይ ጎማዬ ጭቃ ጎረሰ፤
መዞሩን ተወ፤ ሞተሩ ግን ቆሞም ቤንዚን ቀመሰ።
በእንጨት ስጭር ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል።
ዳለቻ ናት። የኔ በቅሎ። የአባ ዲጋ አሁን፤
ሁለት ጆንያ ድንች ተጭናለች፣ ግራና ቀኝ፣ እኩል በእኩል።
አየችኝ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ሞተሬን አሸተተች፤
የሚበላ እንደሌለው ስታውቅ አለፈች።

አባ ዲጋ አልሳቀም። "ገመድ አለኝ" ብሎ ከጭነቱ ላይ ፈታ፤
ገመዱ የኔ ነው። ጫፉ ላይ የኔው ቋጠሮ፣ ሦስት ዓመት ያልተፈታ።

ጎትታ ካወጣችን በኋላ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ከቀበሌው ከብት ሁሉ የሷ ተራ ቀድሞ ደረሰ።
የአባ ሰንጋ ክትባት። አንገቷ ላይ ስወጋት አልተንቀሳቀሰችም፤ ትንፋሿ እጄ ላይ ፈሰሰ፤
ጣቶቼ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ማታ ስወርድ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቼ እለቀቃለሁ፣
ነዳጅ ለመቆጠብ። እስከ ድልድዩ ድረስ ዝናቡን ብቻ እሰማለሁ፣
ፍሬኑን፣ የባዶውን ሳጥን መንገጫገጭ።
ታች ከተማው መብራት አለ። የለም። አለ።
ሃይላንዱን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት፤ ሁለት ጣት ቀርቷል።
ይሄን ራውዳ በየትኛው ገጽ ትጽፈዋለች?