ጥርስ

አሥራ አንድ ክረምት ከማተቤ ጋራ
ይህን ቁልፍ አሰርኩ፤ ስተኛም፣ ስሠራ።
አዘዞ ነው ቤቱ። በሩ ተቀይሯል፤
ያባረረኝም ሰው አርጅቶ ይጦራል።
እኔ ግን ሌት ሌቱን እከፍተዋለሁ፤
ገብቼ ያንኑ ስድብ እሰማለሁ።

ቅዳሜ ነው ዛሬ፤ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ፣
ጋሽ አንዳርጌ አሉ፣ ከበርበሬው ወዲያ፣
ጃንጥላ ጠጋኙ፣ ቁልፍ ቀራጩ።
«ማራኪ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤
ቁልፍ ይቅረጹልኝ፣ ናሙና ይዣለሁ።»
«ባዶ ቁልፍ አልቋል» አሉኝ። ዝም አልኩ።
አንገቴን አይተው «ያስ?» ሲሉኝ ደነገጥኩ።

«ወፍራም ነው፣ ይበቃል፤ ጥርሱን ልሞርደው።
ብረት ቂም የለውም፣ ቶሎ ነው የሚለምደው።»

ጥርሱን አሉ፣ ጥርሱን። የእኔን መች አይተዋል፤
በዚያ ሰው ላይ የነከስኩት እስካሁን ያመኛል።

ሞረዱ ጮኸና ብናኙ ረገፈ፤
ቢጫ፣ እፍኝ የማይሞላ፤ ነፋስ ይዞት አለፈ።

ማራኪ ስደርስ ቁልፉ አንዴ እንቢ አለ፤
ሁለቴም እንቢ አለ፤ በሦስተኛው ቀጭ አለ።
ክፍሏ ባዶ ነች፣ ቀለም ቀለም ትሸታለች።
አንገቴን ቀለለኝ።
ደረቴ ላይ ቀርቷል የቁልፉ ምልክት፤
ይኑር። አምፖል ልግዛ፣ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት።