ዘበኛ ለሻምበል

ሻምበልን ያመጣው አሊጋዝ ሾፌሩ፣
ከሚሌ ሲመለስ ጭነቱን አራግፎ፤
«አስፋልቱ መሐል ላይ፣ ኬላ እንደሚጠብቅ
ቆሞ አገኘሁት፣ ነጩን መስመር አልፎ።
ጡሩምባ ነፋሁኝ፣ ንቅንቅም አላለ፤
ወረድኩ፣ ተሸከምኩት፤ ይኸው ዘንቢል ውስጥ አለ።»

የብረት ቆብ ደፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ
ጎመኔን ሲቃኘው ዐይኑን ጠበብ አድርጎ
«ሻምበል» አልኩት፤ ጸና።
ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ግንብ ጀርባ
ሰባት ዓመት ኖረ፣
ፀሐይ ስትወጣ ወጥቶ፣ ስትገባ እየገባ።

ክረምት ነው ችግሩ።
የጎፍ ራሱን በጉም ሲጠመጥም፣
ቦርከና ደፍርሶ ሌሊት ሲደነፋ፣
ከድንጋዩ ግርጌ፣ ከላስቲኩ እጥፋት
ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣ ይወጣል በይፋ።
ቤት የለው፣ አጥንት የለው፤ ጥርስ ግን አላጣ፣
ሲነጋ ወንፊት ነው የተከልኩት ቆስጣ።
በየቅጠሉ ላይ የብር ክር ጥሎ ይሄዳል፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር የቀጠለ ዐይን
ክር ሲያይ መቼ ይስታል?

ሻምበል ቅጠል በል ነው፣ እል ነበር ለሰዉ ሁሉ።
አንድ ቀን፣ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት፣
ጉንጩ ሲመላለስ፣ ከአፉ ጥግ አንዳች
ለስላሳ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁት።

በዘንቢል ወሰድኩት።
ሐኪም ሙሄ ሳቁን በመዳፉ ከድኖ
(በሬ እንጂ ኤሊ አክሞ አያውቅም፣ ሐቁን ለመናገር)
ገልብጦ አየውና፣ ዝም አለ፣ ቆየና፦
«አንድ ሁለት ቢበላ እሱስ ባልከፋ፤
አንዳንዱ ግን ትል ነው በሆዱ የሚያዞር።
ከሁሉ የሚብሰው ያ ሰማያዊ ፍሬ፣
ለቀንድ አውጣ ብለው ጓሮ የሚበትኑት፤
እሱን የበላ ቀንድ አውጣ፣ ቀንድ አውጣውን የበላ…»
አልጨረሰውም።
እኔም አላስጨረስኩት።

ጎረቤቴ ኢብሬ ሰላጣ ይሸጣል።
አጥራችን ሸንበቆ፤ ቀንድ አውጣ እንደሁ ሲያልፍ
መታወቂያ አያሳይ።
ፓኬቱን ሊቀድድ ሲል ደረስኩበት በላይ፦
«ኢብሬ፣ በአላህ፣ እሱን ነገር መልሰው!»
«የሰላጣዬን ዋጋ ሻምበል ነው የሚከፍለው?»
«እኔ እለቅማለሁ፤ ያንተንም፣ የኔንም።»
ሳቀ። «በየሌሊቱ?»
«ጡረታ ወጣሁ እንጂ፣
የሌሊት ፈረቃ መቼ ለቀቀኝና!»

ይኸው በስድሳ አንዴ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
የቀለም ጣሳ ይዤ፣ ቦቲ ተጫምቼ፤
ጦይባ የሰጠችኝን የቀሪቦ ዝቃጭ
በሰሃን ቀብሬ፣ ከአፈሩ አስተካክዬ
(ሽታው ይጠራቸዋል፣ እንደ ሰርግ ቤት ከበሮ)፤
በሻምበል ማደሪያ ዙሪያ አመድ ነስንሼ፣
ዝናብ ሲበላው ደግሜ፣ ሲበላው ደግሜ።
ጣሳው ሲሞላልኝ የኢብሬን ዶሮዎች
ከእንቅልፍ አላስነሣም፤ ደጁ ላይ ነው የማኖር።

ትናንት ግን፣ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣
ሻምበል አንገቱን ቀብሮ ለጥ ብሎ ተኝቷል፤
ጀርባው ላይ አንድ እራቁቱን ቀንድ አውጣ
ሁለት ቀንዱን ዘርግቶ ዳገት ይወጣል።
ባትሪዬን ወደርኩት። ቆመ።
እኔም ቆምኩኝ።
ቤቱን ተሸክሞ የሚያንቀላፋው ከታች፣
ቤት የሚሉት ነገር ያልደረሰው ከላይ፤
መሐል ላይ እኔ ነኝ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ።

ጣሳው ውስጥ አልገባም።
በቆስጣ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ፎጣ ተከናንቤ፣
ጭቃውን እያቦካሁ ወንዙ ዳር ወረድኩኝ።
«ሂድ» አልኩት፣ «እዚህ ሻምበል የለም።»
ስመለስ እጆቼን ሁለቴ በሳሙና
አጥብቄ ታጠብኩኝ፤
ትሉ ለሰውም አይበጅ፣ ብሏል ሙሄ።

ሲነጋ ወጣ ሻምበል፣ ፀሐይዋን ፍለጋ።
ጀርባው ላይ የደረቀች አንዲት የብር መስመር፣
ልክ እንደ ማዕረግ።
ልጠርጋት ጨርቅ ይዤ ተጎንብሼ ነበር።
ተውኳት።

ኢብሬ በሸንበቆው ክፍተት ብቅ አለና፦
«ስንት ለቀምሽ ዛሬ?»
«አርባ ሁለት» አልኩት።
ጣሳው ውስጥ አርባ አንድ ነበር።