የሳሙና በር አስተርጓሚ

ዝቅ ብሎ ካለው፣ ከሳሙና በር፣
በድንጋይ ተይዞ ጣራው እንዳይበር፣
ከወፍጮ ቤት ጋራ ተካፍሎ ግድግዳ፣
ጋሽ ሰጠኝ ቪዲዮ ያሳይ ነበረ፤ ለልጅ ደግሞ በእዳ።

ወፍጮው ሲነሳ አግዳሚው ይርዳል፤
ሰው ሁሉ ይቆጣል፣ "ድምፁን ዋጠው" ይላል።
እኔ ግን፣
ተረከዜን ነክቶ፣ ጭኔን አቋርጦ፣
የማሽላው ንዝረት ሲመጣ አምልጦ፣
ይኼ ነው ሙዚቃው ብዬ እገምት ነበር፤
ተዋናይቷ ስትዞር እግሬ ሲደናበር።

ፊልሙ የህንድ ነው። ጽሑፍ የለው ከሥሩ።
ጆሮ አለን የሚሉት፣ ወያላው፣ ሹፌሩ፣
ከአዘዞ ካምፕ የመጣው ያ ባለ መለዮ፣
ከክፍል የፎረፈው ለጋሽ ሰጠኝ ቪዲዮ፣
ሁሉም ሰምቶ ሰምቶ አንዲት ቃል አይለይ፤
አንገቱን አዙሮ የኔን እጅ ሲያይ።

እኔ ፊት አነባለሁ። ያልተጻፈ ምን አለ?
ሰው ሲዋሽ ቅንድቡ ቀድሞት እንደዘለለ፣
እናት ልጇን አውቃ፣ የእጁን ጠባሳ አይታ፣
እንዳላወቀች ስትሆን፣ ምራቋን ውጣ፣ ቆይታ፣
ይኼን ለእናትነሽ በእጄ እነግራታለሁ፤
እሷ ጮክ ስትል፣ ትከሻቸው በሳቅ ሲናድ አያለሁ።

በሰፈሩ ስሜ "ያቺ ዲዳ" ነበር።
እዚያ ግን፣ ከዚያ ጣራ ሥር፣
"አስተርጓሚ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት!"
ጋሽ ሰጠኝም ሳንቲሜን መልሶ፣ "ደሞዟ ነው፣ በቆሎ ግዙላት"
ሲል ከከንፈሩ ለቀምኩት።

አንድ ቀን ዋሸሁ። እናዘዛለሁ።
ያ ባለ መለዮ በማግስቱ ዘማች መሆኑን አውቃለሁ፤
ሻንጣው ከእግሩ ሥር ነው።
በፊልሙ ውስጥ እናት ለሚሄድ ልጇ ጀርባዋን ሰጠችው፤
ፊቷ "ዓይንህን አልይ" ይላል፣ ግልጽ አድርጎ።
እጄ ግን "ትመለሳለህ" አለ። "እጠብቅሃለሁ" አለ፣ ፈልጎ።
እናትነሽ ጮኸች። እሱም አመነው።
እስካሁን አላውቅም ማን እንደጠበቀው።

ከዚያ ዲሽ መጣ። ፊልሙ አማርኛ ለመደ።
የጋሽ ሰጠኝ አግዳሚ ለጠላ ቤት ሄደ።
እናትነሽ አግብታ ማራኪ ወጥታለች፤
"ነይ ፊልም እንይ" ብላ ቅዳሜ ትጠራኛለች።
ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ቤተሰቡ ይስቃሉ፤
ከንፈሩ የቱርክ ነው፣ ድምፁ የአራዳ ልጅ ነው አሉ።
እነሱ ድምፁን ያዙ፤ ለእኔ ከንፈሩ ተረፈኝ፣
የማልገባበት በር፣ የሚከፈት የሚዘጋብኝ።
የእናትነሽ እጆች ከጉልበቷ ላይ ተጋድመዋል፣
ሥራ እንደፈታ ሰው።
"ምን አለ?" ስላት፣ ዓይኗ ከዚያ ሳይላቀቅ፣
"ቆይ" ትለኛለች፣ "እነግርሻለሁ ሲያልቅ።"
ሲያልቅ፦
"ምንም የለው። ተጋቡ።"
ሁለት ሰዓት ሙሉ የተነፋረቁበትን
እንደ ጭብጥ ቆሎ አሲዛኝ ትነሳለች።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዝናቡ እንደከበደ፣ መሬቱ እንደራሰ፣
መብራት ሄዶ መጣ። ምስሉ ተመለሰ፤
ድምፁ እዚያው ቀረ፤ ውስጡ የሆነ ነገር ተበጠሰ።
ባሏ በጥፊ መታው። ልጇ ሽቦውን ነካካ።
አማቷ ሁለት ጊዜ አማተቡ።
ከዚያ፣ አንድ በአንድ፣ አንገቶች ዞሩ፤
ያው የድሮው አዟዟር፣ ከወፍጮው ግድግዳ የማውቀው።

ሴትዮዋ ደብዳቤ ታቃጥላለች። ልትፈልገው ነው፣ ገና አመዱ ሳይበርድ፤
ቅንድቧ ነግሮኛል።
እናትነሽ በዛገ እጇ፣ ፊደሉን እያሳሳተች፣
"ምን አለች?"

እጄን ከጋቢው ሥር አወጣሁ፣ ሳልቸኩል።
"ቆይ" አልኳት።
"ሲያልቅ።"