መምቻ

ቅዳሜ ስንጫወት ጣቴ ውሃ ቋጥሮ፣
እሁድ ዕለት ፈንድቶ፣ ሰኞ ቁስል አድሮ፣
«ፒክ ግዛ» አለኝ ደሳለው፣ ከድራሙ ጀርባ፤
«ወይ ሌላ ጣት አብቅል፣ ወይ ፒያሳ ግባ።»

ገባሁ።
ግማሹ ፈርሶበት ግማሹ በቀረው፣
ቆርቆሮ አጥር ታኮ ይዞ ባስቀመጠው
በጋሽ ወሰንየለህ ጠባብ የጊታር ሱቅ
የክኒን ብልቃጥ ተገለበጠ፣ ፒኩ የሚያብረቀርቅ፤
ስስ፣ መካከለኛ፣ ወፍራም እንደ ቁልፍ።
ቀዩ ዓይኔን ያዘው፤ ግን ክሩ ላይ ሲያርፍ
ተጣጠፈ ስሱ፣ እንደ ደላላ ቃል፤
ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ ከሆዱ መች ያወራል።

«ወፍራም ልሞክር?» ስል
መብራት እልም አለ። አምፑ ዝም፣ እኔም ዝም።
«ግድ የለም፤ ለቤዝ ሰው መብራት አያሻም፤
አገጭህን ከእንጨቱ አስደግፍና ምታ፤
ጆሮ በቀለም ይሸነገላል፤ አጥንት ግን አይረታ።»

ዳብሼ አንዱን ያዝኩ፤ ወፍራም፣ ጠርዙ ያለቀ፣
ባንድ ጎኑ ያረጀ፣ የሰው ጣት ያወቀ።
አራተኛውን ክር አንዴ ብነካው
መንጋጋዬ ሰማው፣
ደረቴ ሰማው፣
ደጅ የሚያፈርሰው ዶዘር
ቃና የያዘ መሰለኝ፣ ከኔ ጋር ሊያብር።

«እሱ አይሸጥም» አለኝ፣ ሳያይ፣ በድምፁ ለይቶ፤
«የራሴ ነው፤ ተሳስቶ ከብልቃጡ ገብቶ።»
በስንት ሌሊት አለቀ? በየት ቤት? ከማን ጋር?
አልጠየቅሁም፤ እሱም አልተነፈሰም ነገር።

መብራት ሲመጣ እጄ እንደተጨበጠ ነው።
አየው።
ቀዩን አነሳና ብልቃጡ ውስጥ መለሰው፤
ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ
«የቀዩን ክፈለኝ» አለኝ።